የድሮ መርሴዲስ ሲቆራርጥና ሲግል

ደንበኛ ጋራዥ የሚመጣው የበሽታውን ስም ይዞ ነው። «ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሄዷል» ይላል፤ ወይ «ፓምፑ አልቆለታል»። ጎረቤቱ ነግሮታል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ጠዋት ነው? ዝናብ ሲጥል ነው? መብራት ላይ ሲቆም ነው ወይስ ዳገት ሲወጣ? ይህን ሳታውቁ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

የማወራው ስለ መርሴዲስ 300 ኢ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ኤም 103 ሞተር ያለው። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ይህ ሞተር ኮምፒውተር ስትሰኩበት «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» ብሎ አይነግራችሁም። በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ነው የሚመረመረው።

ከመቆራረጡ እንነሳ። ክረምት ላይ ወይም ውሃ የተኛበት መንገድ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚቆራርጥ ከሆነ ኮረንቲውን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ሂዱ። በዚህ ሞተር ላይ ያለው ከፊት፣ ከፋኑ ጀርባ ስለሆነ ፋኑ የሚረጨው እርጥበት በቀላሉ ያገኘዋል። ክዳኑን ፈታችሁ ውስጡን እዩ። ጤዛ ካለ አድርቁት። ስንጥቅ ወይም የቀጠነ ጥቁር መስመር ካያችሁ ግን ማድረቅ አይበቃም፤ ክዳኑና ውስጡ የሚዞረው ሮተር አብረው ይቀየሩ። የካንዴላ ገመዶቹን ለመፈተሽ ማታ ጨለማ ቦታ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ሞተሩን አስነሱና በመርጫ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ በርቀት እርጩባቸው። ሰማያዊ ብልጭታ ከዘለለ ገመዱ አልቋል። እጃችሁን ግን አርቁ። እዚያ ያለው ኮረንቲ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

ብዙ መካኒክ የሞተውን ሲሊንደር ለማግኘት ሞተሩ እየሠራ ገመድ ይነቅላል። እኔ አልወደውም። ሰውንም ይመታል፣ ኮረንቲውን ከፍ የሚያደርገውን ኮይልም ይጎዳል። ከርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካላችሁ ሞተሩ እንደተነሳ የጭስ ማውጫውን ስድስት አንገቶች አንድ በአንድ ለኩ። ከሌሎቹ የቀዘቀዘው እሱ ነው።

ከዚያ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ፈታችሁ አንብቡት። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ዘይት ከነካው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ የሚይዙትን የቫልቭ ሲሎች ጠርጥሩ። ታጥቦ የወጣ ያህል ከነጣ ግን ቆም በሉ፤ ውሃ እየገባበት ሊሆን ይችላል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቆሞ ሲሠራ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲነዳ የሚስተካከል ከሆነ አየር እያስገባ ነው፤ የኢንጀክተሮቹን ጎሚኖችና ከአየር መለኪያው ስር ያለውን ትልቅ ጎማ እዩ። መንቀጥቀጡ ከኤቢኤስ (የፍሬኑ) መብራት ጋር አብሮ ከመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ከባትሪው ጀርባ ያለችውን፣ አናቷ ላይ ፊውዝ የተሰካባትን ሪሌ ፈትሹ። ውስጧ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል። በእሷ ምክንያት ስንቱ ሰው ያለ ጥፋቱ ኢንጀክተር ቀይሯል! ዳገት ላይ ብቻ የሚደክም ከሆነ የቤንዚን ፊልትሮውንና ፓምፑን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ራሱ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን በር የሚከፍተው የዚህ ሞተር ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ በ87 ነው። ልዩነቱን አያችሁት? ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ትክክለኛው ክዳን ላይ 140 የሚል ተጽፎበታል፤ 1.4 ባር ማለት ነው። እሱ ጤነኛ ከሆነ ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎሚኑ የደረቀ ክዳን ካላችሁ ግን ምንም ያልተበላሸ ሞተር ያፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳን። ርካሽ ነው። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን በፍጹም እንዳትከፍቱት።

«እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምኔ» የሚሉ አሉ። ኩላንት ግን ለበረዶ ብቻ አይደለም። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ በባዶ የቧንቧ ውሃ ይበላል።

ትራፊክ ላይ እየጋለ ሲነዳ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ችግሩ ፋን ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፉትና ፋኑን በእጅ አዙሩት። እምቢ ማለት አለበት። በነፃነት ከተሽከረከረ ሲሞቅ ፋኑን የሚይዘው ቪስኮስ ሞቷል። ከፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፋን የሚነሳው ከ100 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀደም ብሎ አልተነሳም ብላችሁ አትደንግጡ።

በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ከውጭም ሊሆን ይችላል፤ በኤሲው ኮንዴንሰርና በራዲያተሩ መካከል አቧራና ነፍሳት ይጠራቀማል። ሞተሩ ግሎ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ማለት ነው።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚል ምክር ሁሉም ጋራዥ አለ። በዚህ ሞተር ላይ አትስሙት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጎኑ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ይብሳል እንጂ አይሻልም።

መቆራረጡና ሙቀቱ አብረው ከመጡስ? ጠዋት ሲነሳ በአንድ ሲሊንደር የሚያነክስ፣ ነጭ ጭስ የሚያወጣ፣ ውሃ የሚጎድለው ግን መሬት ላይ የማያንጠባጥብ ከሆነ ቴስታታው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ጋስኬት ነው ዋናው ተጠርጣሪ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት የውሃውን ክዳን ከፍታችሁ አስነሱት። ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ ጥርጣሬው በረታ።

ለማረጋገጥ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን ሲያምቁ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። እኛ ጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር አያመጣም። «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ካሏችሁ ስድስቱንም ቁጥሮች ጠይቁ። ስድስቱም ተቀራራቢ ከሆኑና ከመጽሐፉ ቁጥር ሦስት አራተኛ ገደማ ከደረሱ ሞተሩ ደህና ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ተበልቷል።

ያኔ ቴስታታው ይወርዳል። ማሽን ቤት ሄዶ መጣመም አለመጣመሙ ይለካ። ሲወርድ የቫልቭ ሲሎቹንም አብራችሁ አስቀይሩ፤ ለብቻ ሌላ ቀን ከሚከፈል ይሻላል። የቴስታታው ቡሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት ናቸው። መካኒኩ ርዝመታቸውን ሳይለካ የድሮዎቹን መልሼ አስራለሁ ካላችሁ፣ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።