ጂንና ቶኒክን በአገር ቤት ቅመም ሲያስጌጡ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ጂን ከጓዳችን ቅመም ጋር በቀላሉ የሚስማማ መጠጥ ነው። መሠረታዊ ጣዕሙን የሚሰጠው የጥድ ፍሬ ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ በብዙዎቹ ጂኖች ውስጥ የሚገባው ድንብላል ነው፤ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭም አብረው ይገባሉ። ስለዚህ ኮረሪማ፣ ጠጅ ሣር ወይም በሶብላ ሲጨመርበት ባዕድ ነገር አልገባበትም። ጌጡ የሚበላሸው በአብዛኛው በቅመሙ ምርጫ ሳይሆን በአያያዙ ነው። ለሚከተሉት መፍትሔዎች መነሻ የሚሆነው ልክ 50 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 150 ሚሊ ሊትር ቶኒክ (ጋዝ ያለው መራራ ለስላሳ መጠጥ) እና ብርጭቆውን እስከ አፉ የሚሞላ በረዶ ነው።

ጋዙ ቶሎ ይጠፋል

መጠጡ ገና ሳይጋመስ ጋዙ ከጠፋ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያልቀዘቀዘ ቶኒክ ነው። ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ20 ዲግሪ ከሚይዘው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ከመደርደሪያ ላይ ተነሥቶ በበረዶ ላይ የተቀዳ ቶኒክ ገና ሲነካው ጋዙን ይለቃል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የተከፈተ ጠርሙስም ጋዙን የሚለቀው በፍጥነት ነው። መፍትሔው ጂኑን፣ ቶኒኩንና ብርጭቆውን ቀደም ብሎ ማቀዝቀዝ፣ ትንሽ ጠርሙስ ከፍቶ በአንድ ጊዜ መጨረስ፣ ቶኒኩንም ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ በዝግታ መቅዳት ነው። ማንኪያውን አንድ ጊዜ ብቻ ከታች ወደ ላይ ያንሡት፤ ደጋግሞ ማማሰል ጋዙን ያባርራል።

ሲቀዳ ገንፍሎ ይፈሳል

ይህ የሚሆነው የተፈጨ ቅመም ሲገባ ነው። እያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት ለጋዙ አረፋ መነሻ ስለሚሆን፣ የተፈጨ ኮረሪማ ወይም ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ቶኒክ እንደ ወተት ይገነፍላል። ኮረሪማውን ከቅርፊቱ አውጥተው ሦስት ወይም አራት ፍሬ ብቻ በሙቀጫ ሰንጠቅ ያድርጉና ጂኑ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም አጥልለው በረዶው ላይ ይቅዱት። ቡና ለመጨመር የሚፈልግ ሰውም አተላው የተጣራ ቀዝቃዛ ቡና መያዝና ከቶኒኩ በኋላ በማንኪያ ጀርባ ላይ በቀስታ ማፍሰስ ይኖርበታል።

ምሬቱ ከልክ ያልፋል

የቶኒክ ምሬት ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ከሚገኘው ኩዊኒን የሚመጣ ነው፤ ለማንኛውም እንክብል መድኃኒት የምንጠቀምበት ክኒን የሚለው ቃልም መነሻው የዚሁ የወባ መድኃኒት ስም ነው። ይህ ምሬት የመጠጡ ውበት ስለሆነ መጥፋት የለበትም። ችግር የሚሆነው ሌላ ምሬት ሲደረብበት ነው፤ ይኸውም ከሎሚው ልጣጭ ሥር ካለው ነጭ ክፍል ወይም ከተወቀጠ ቅጠል የሚወጣው ነው። ልጣጩን በስለት ቢላ ስስ አድርገው ይላጡት፤ ነጩ ከታየ ይፋቁት። በሶብላንና ናናን በፍጹም አይውቀጡ፤ በሁለት መዳፍ መካከል አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ለሽታው በቂ ነው።

ጌጡ ይታያል፣ ሽታው ግን የለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የጌጥ ዋና ሥራ ለአፍንጫ ነው፤ ቅጠሉ ከበረዶው ሥር ከተቀበረ ወይም መጠጡ በረጅም ስትሮው ከተጠጣ ሽታው አፍንጫ ጋ አይደርስም። የጠጅ ሣሩን ነጭ ግንድ በቢላ ጀርባ ቀጥቅጠው ጫፉ ከብርጭቆው አፍ እንዲወጣ ያቁሙት። የብርቱካኑንም ልጣጭ በመጠጡ ላይ አጥፈው ዘይቱ እንዲረጭ ይጭመቁት፤ ቀጥሎም የብርጭቆውን አፍ ዙሪያውን ይጥረጉበት።

ጤና አዳሙ ሁሉን ይውጣል

በቡና ላይ የለመድነው ጤና አዳም በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ሲቆይ እየበረታ ይሄዳል። አንድ ትንሽ ዘለላ አስገብተው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ያውጡት። እርጉዝ ሴት ጤና አዳምን ከነአካቴው ልትርቀው ይገባል፤ አልኮል ለሌለበት ለቶኒኩ ብቻም ቢሆን ይህ ጥንቃቄ አይቀርም።

ከርከዴው ይኮመጥጣል

ከርከዴ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ሎሚውን መተው ብቻ ይበቃል።

መጠጡ ይደፈርሳል

ልጣጭ ወይም በሶብላ ለቀናት የተዘፈዘፈበት ጂን ቶኒክ ሲነካው ወተት ሊመስል ይችላል። በአልኮል የሟሙት ዘይቶች ውሃ ሲበዛባቸው ተለይተው ስለሚወጡ ነው እንጂ ጂኑ ተበላሽቶ አይደለም። ጥርት ያለ መጠጥ ከተፈለገ የልጣጩን መጠን መቀነስና የመዘፍዘፊያውን ጊዜ ወደ ጥቂት ሰዓታት ማሳጠር ያስፈልጋል።

የሽንኩርት ሽታ ይሸታል

ጥፋቱ የበረዶው ነው። ከሥጋና ከቁሌት ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ክፍት ሆኖ የዋለ በረዶ ሽታቸውን ይስባል፤ ስለዚህ ውሃውን አፍልተውና አቀዝቅዘው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት።

የጥዱ ጣዕም ይሳሳል

ይህን ለማስተካከል ከግቢ ጥድ መቁረጥ አይገባም። ለጂን የሚሆነው ፍሬ የሚለቀመው ከሌላ የጥድ ዝርያ ነው፤ የሐበሻ ጥድ ግን የዚያ ዘመድ ቢሆንም ምትክ ሊሆን አይችልም። በምትኩ የጥብስ ቅጠል ይጠቀሙ፤ ጥድን ጥድ የሚያሸትተው ፓይኒን የተባለ ንጥረ ነገር በእርሱም ውስጥ አለ። አንድ አጭር ቅርንጫፍ በመዳፍ አሸት አድርጎ ከብርጭቆው አፍ ጋ ማቆም ይበቃል።