የጠቆረ ስፒና፦ ቀለሙን አይቶ ጥፋቱን ማግኘት

ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ምጣዱም ማሞቂያውም እኩል ይሰካል። ስፒናውን ሲነቅሉ እግሩ ወደ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ተቀይሮ ካዩት ቆሻሻ ነው ብለው አይለፉት። ሙቀት ነው እንዲህ ያደረገው። ብሬከሩ አልወረደም ብለውም አይዘናጉ። ብሬከር የሚወርደው አምፔር ሲበዛ ነው፤ በሶኬቱ ውስጥ የስፒናውን እግር የሚጨብጠው መያዣ ከላላ ግን አምፔሩ ሳይጨምርም ይግላል።

መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ከዚያ ገመዱን ሳይሆን ፕላስቲኩን ይዘው ይንቀሉና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

አሁን ቀለሙን በደንብ ይዩ። ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው የስፒና እግር ናስ ነው፤ ላዩ በኒኬል ይሸፈናል። ኒኬል ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ኦክሳይድ የሚባል ስስ ሽፋን ያወጣል። ስስ ሳለ ገለባማ ቢጫ ነው፤ ሲወፍር ቡናማ፣ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል። ሁለቱን እግሮች ያወዳድሩ። በሁለቱም የሚያልፈው አምፔር እኩል ስለሆነ አንዱ ብቻ ከተቀየረ ጥፋቱ በዚያ በኩል ነው። ቀለሙ ጫፉ ላይ ከበረታ የሶኬቱን መያዣ ይጠርጥሩ። ሥሩ ላይ ከበረታ ደግሞ ስፒናው ውስጥ ሽቦውን የሚይዘውን ብሎን።

ብር ግን ሌላ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በሚጠቀሙባቸው ዓይነት ኮንታክተሮች (ትልልቅ ማሽኖችን የሚያበሩና የሚያጠፉ ማብሪያዎች) ላይ ያለው ብር ከአየር ድኝ ጋር ተዋህዶ ሳይግልም ይጠቁራል። እዚያ ጥቁረቱን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ወይም ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ይታይ።

ቀጥሎ ስፒናውን በካቻቪቴ ይክፈቱ። የጠቆረውን ሽቦ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪያገኙ ይቁረጡ። ጫፉን በቆርቆሮ አይበይዱት፤ ብየዳው በብሎኑ ግፊት ቀስ እያለ ይሟሽሽና እንደገና ይላላል።

እግሩን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የብዙ ሰው ልማድ ነው። እባክዎ ይተዉት። ኒኬሉ ይላጣል፣ ናሱ ይጋለጣል። ስፒናውንም ሶኬቱንም አብረው ይቀይሩ። የጋለ የሶኬት መያዣ የመጨበጥ ጉልበቱን አጥቷል፤ አዲስ ስፒና ቢሰኩበትም መልሶ ያቃጥለዋል። የግድግዳው ሽቦ ልባስ ደርቆ የሚሰባበር ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ሲገዙ 16 አምፔር የተጻፈበትን ይምረጡ። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ስፒናው ትርፍ አቅም የለውም። በዚያ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ስለዚህ ምጣድና ማሞቂያን በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩ።

በመጨረሻ ምጣዱን ለ20 ደቂቃ ያሠሩት። ብሬከሩን አጥፍተው የስፒናውን ፕላስቲክ ይንኩ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስይዝ ከሆነ ብሎኖቹን እንደገና ይፈትሹ።