ፍቅር እስከ መቃብርን በምዕራፍ ማጠቃለያ እንዴት ማጥናት ይቻላል

የሀዲስ አለማየሁ ልብ ወለድ ፍቅር እስከ መቃብር ከ500 ገጽ በላይ ነው፣ ብዙ ሰው ጀምሮት መሃል ላይ ሲደክመው ከቴሌግራም የምዕራፍ ማጠቃለያ አውርዶ ይገላገላል። እኔም አድርጌዋለሁ። ማጠቃለያውን ሸምድጄ ፈተና ገባሁና ጥያቄው ስለ ጉዱ ካሳ ሆኖ አረፈው፣ እኔ ጋ ስለሱ የነበረው አንድ መስመር ነው፦ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ፣ ሰው እብድ የሚለው። በቃ! ለካ ማጠቃለያ የሚይዘው ማን ምን አደረገ የሚለውን ነው፣ ጉዱ ካሳ ደግሞ ዋና ስራው መናገር ነው።

ስለዚህ ማጠቃለያ አትጠቀሙ አልልም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የምንገለብጠው።

መጀመሪያ አንድ ሙሉ ወረቀት ላይ የሰዎቹን ካርታ ስሩ። በአንድ በኩል የማንኩሳ ሰዎች፦ ቦጋለ መብራቱ፣ ውድነሽ በጣሙ፣ ልጃቸው በዛብህ። በሌላ በኩል የዲማ ሰዎች፦ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሳ። አበጀ በለውን ለብቻው አስቀምጡት፣ ገበሬውን ይዞ ፊታውራሪው ላይ የሚነሳው እሱ ነው። ለዚህች ለዚህች የተዘጋጀ ማጠቃለያ ብታዩ ችግር የለውም፣ ስፖይለር ምናምን ብላችሁ አትፍሩ፣ ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ነግሯችኋል እኮ።

ከዛ አንድ ምዕራፍ አንብቡና መጽሐፉን ዝጉት። ሳታዩ 4 መስመር ጻፉ፦ ማን ምን አደረገ፣ ለምን፣ ምን ተቀየረ፣ አራተኛው ደግሞ ይሄ ነገር ኋላ ምን ያመጣል የሚል ግምት። አራተኛዋን እንዳትዘሏት። ለምሳሌ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡታል፣ ስታነቡት የሃይማኖተኛ ቤተሰብ ወግ መስሏችሁ ታልፉታላችሁ፣ ግን ከስንት ገጽ በኋላ ሰብለን ሲወድ የሚያስጨንቀው የሷ ዘር ትልቅነት ብቻ አይደለም፣ ያ ስለትም አለበት። ግምታችሁ ቢሳሳት ችግር የለም፣ አጥፍታችሁ አስተካክሉት።

አሁን ነው ያወረዳችሁትን ማጠቃለያ የምትከፍቱት። ከራሳችሁ ጋር አስተያዩትና እናንተ ይዛችሁት እሱ የጣለውን ነገር በቀይ አስምሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚጣለው ንግግር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለጉዱ ካሳ ግን የተለየ ወረቀት ያዙለት፦ ምን አለ፣ ማንን ነው የሚነካው፣ የሰማው ሰው ምን መለሰለት። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው፣ አብዮቱ 8 ዓመት ይቀረዋል፣ ስለ ባላባቱ ስርዓት የሚለውን ይሄን እያሰባችሁ አንብቡት፣ ያኔ እብድ የተባለበት ምክንያት ይገባችኋል።

ቋንቋው የሚከብዳችሁ ከሆነ ግብር፣ ጉልት፣ ቅኔ የመሳሰሉትን ዳር ላይ ፍቺያቸውን ጻፉ። ሀዲስ አለማየሁ ጠብቆ የሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር፣ በእጃችሁ ያለው እትም ላይ ካለ የህትመት ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ አለ የሚለው ሲጠብቅ መኖር ሲላላ መናገር ነው፣ በጣም ይረዳል። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ደግሞ ምዕራፉን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስሙት፣ ታክሲ ውስጥም ይሆናል፣ ወረቀት ላይ ደረቅ የመሰላችሁ ንግግር ሹፈት እንደነበረ ከድምፁ ትይዙታላችሁ።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ከየምዕራፉ ማስታወሻ ዳር አንድ ፊደል አድርጉ፦ ፍ ለፍቅር፣ መ ለመሬትና ግብር፣ ቤ ለቤተ ክህነት። አንዳንዱ ምዕራፍ ሁለትም ሶስትም ይይዛል። ድርሰት ጻፉ ስትባሉ መ ያለባቸውን ብቻ እየለቀማችሁ ማንበብ ነው፣ መጽሐፉን እንደ አዲስ ማገላበጥ ቀረ።

ለፈተና አንድ ቀን ሲቀር ሶስቱን መስመር በወረቀት ሸፍኑና አራተኛዎቹን ብቻ በተራ አንብቡ፣ የተሸፈነው ካልመጣላችሁ ወደዛ ምዕራፍ ተመለሱ።