ጓዝ ሲሸክፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ለሚጓዝ ሰው

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሻንጣውን ወለል ላይ ዘርግቶ የሚያገላብጥ ሰው አይጠፋም። በርበሬው ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ጫማ ወጥቶ በፌስታል ይንጠለጠላል፣ ሚዛኑ ግን አሁንም እምቢ ይላል። ሸኚው ብዙውን ጊዜ ከበሩ ውጭ ስለሚቀር የተረፈውን የሚመልሱለት ሰው እንኳን የለም። ያለው ምርጫ የትርፍ ኪሎ መክፈል ወይም ዕቃውን እዚያው ጥሎ መሄድ ነው።

በየቦታው የሚነበቡት የጉዞ ምክሮች ስለ ሸሚዝ አጠቃለልና ስለ ካልሲ ብዛት ይተነትናሉ። ጥሩ ነው፤ ግን የእኛን ሰው ሻንጣ የሚያከብደው ሸሚዝ ሆኖ አያውቅም። የሚያከብደው ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የራስን ዕቃ ሳይመዝኑ የሰው ዕቃ መቀበል

የመሄድዎ ወሬ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ በኋላ አደራው ይጎርፋል። አንዷ ለልጇ ሽሮ፣ ሌላው ለወንድሙ ነጠላና ቡና፣ ጎረቤት ደግሞ «ትንሽ ነገር ናት» የምትባል፣ ስትነሳ ግን እጅ የምትሰብር ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉንም ተቀብሎ በመጨረሻው ሌሊት ለመቀነስ መሞከር ትልቁ ስህተት ነው። ያን ጊዜ የሚቀነሰው የራስዎ ዕቃ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ የራስዎን ይሸክፉና ይመዝኑ። ወደ አሜሪካ በሚደረጉ ብዙ በረራዎች ላይ ለተራ መንገደኛ የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው (ትኬትዎ ላይ የተጻፈውን ግን ሳያዩ አይመኑኝ፤ ርካሽ ትኬቶች አንድ ብቻ የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ)። የራስዎ 28 ኪሎ ከሆነ ለሰው የሚተርፈው 18 ነው። እሱን በቁጥር ይናገሩ። «ቦታ ካለኝ እወስዳለሁ» የሚል ሰው ሦስት ኪሎ ጠብቆ ሰባት ይመጣለታል። «እትዬ፣ ለልጅዎ ሁለት ኪሎ እወስድልዎታለሁ፤ እስከ ሐሙስ ያድርሱልኝ» ያለ ሰው ግን ሁለት ኪሎ ከሩብ ይደርሰዋል። ሩቧ መቼም አትቀርም፤ እሷን አስቀድመው ያስቧት።

የቤት ሚዛን ከሌለዎት ከሻንጣው እጀታ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የእጅ ሚዛን ይግዙ። የሰው መመዘኛ ብቻ ካለ ደግሞ ሻንጣውን ተሸክመው ይውጡበትና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። ከ23ቱ ላይ ግማሽ ኪሎ ይተዉ፤ የቤቱና የአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ሁልጊዜ አይስማሙም።

በቴፕ የታሸገ አደራ ሳይፈቱ መጫን

ይህ የክብደት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲመዘገቡ «ሻንጣዎን የሸከፉት ራስዎ ነዎት? ሌላ ሰው የሰጠዎት ዕቃ አለ?» ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። በሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ነገር መጀመሪያ የሚያዘው ስሙ ሻንጣው ላይ ያለው ሰው ነው። እኛ ዘንድ በየገበያው የሚሸጠው ጫት በአሜሪካም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም፣ ከ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ በብሪታንያም የተከለከለ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ አደገኛ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት ያስቀጣል። ለሕመም ማስታገሻ የሚወሰዱ እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ መድኃኒቶችም በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ «ለእህቴ የራስ ምታት መድኃኒት ናት» የተባለች ስም የሌላት ብልቃጥ ጣጣ ልታመጣ ትችላለች።

ታዲያ በትልቅ ሰው ፊት አደራ መፍታት ነውር አይሆንም? ይከብዳል። ጥፋቱን ወደ ጉምሩክ ማላከክ ግን ይቻላል፦ «ፍተሻ ላይ ቴፑን ቀደው ይበትኑብኛል፣ አሁን ፈትተን በሚታይ ፌስታል እናድርገው» ሲባል ቅር የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ቅር ካለው ደግሞ አለመውሰድዎ ይሻላል።

ምግቡን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና የተቆላ ቡና በአብዛኛው ችግር የላቸውም። ቋንጣ ግን ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮችም አይገባም። ይህ ቋንጣ የተቀላቀለበትን ድርቆሽም ይጨምራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የወተት ተዋጽኦንም ስለሚከለክል ንጥር ቅቤና በቅቤ የታሸ ጭኮ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ጣሊያን ይዞ መሄድ ለቆሻሻ ቅርጫት መሸከም ነው። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። አሜሪካ ሲገቡ ምግብ ይዘው እንደሆነ ሲጠየቁ «አልያዝኩም» አይበሉ። አሳውቀው የተከለከለ ከተገኘ ዕቃው ይወሰዳል፣ ያበቃል። ደብቀው ከተገኘ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ቅጣት ይከተላል።

መድረሻውንም ያስቡ። በዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ እንጀራው ትኩስ ሆኖ በየሱቁ ይሸጣል። ወደዚያ ሃያ እንጀራ ጠቅልሎ መውሰድ ለእናት ደስታ ካልሆነ በቀር ምክንያቱ አይታየኝም። የእናት በርበሬ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይሂድ።

በርበሬውን በእጅ ሻንጣ ማድረግ

ከ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ላይ በእጅ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልታወቀም አይሳፈርም። ያ መጠን ከአንድ የለስላሳ ጣሳ እምብዛም አይበልጥም። ፈሳሽ ደግሞ ከ2006ቱ (እንደ ፈረንጆቹ) የለንደን የሽብር ሤራ ወዲህ በእጅ ሲያዝ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የተወሰነ ነው፤ ማርና ቅቤም በዚሁ ይቆጠራሉ። ዱቄት ሁሉ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

አስተሻሸጉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በርበሬውን ወፈር ባለ ፌስታል ያድርጉ፣ አየሩን በመዳፍ እየተጫኑ ያስወጡ፣ አፉን ጠምዝዘው ይቋጩ፣ ከዚያ በሁለተኛ ፌስታል ይድገሙት። ሞልቶ እንዳበጠ ከማስቀመጥ ይልቅ ጠፍጥፈው እንደ መጽሐፍ ያስተኙት፤ ካበጠ በጫና ይፈነዳል። ምንነቱን በእንግሊዝኛ ጽፈው ይለጥፉበት፣ ፈታሹ ቀይ ዱቄት ሲያይ ከመጠርጠር ማንበብ ይቀለዋል። ነጭ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ከእሱ አጠገብ አይድረሱ፤ በሌላኛው ሻንጣ ይሁኑ።

የባዶውን ሻንጣ ክብደት መርሳት

መርካቶ የሚሸጡት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ትልልቅ ሻንጣዎች ባዷቸውን አራት አምስት ኪሎ የሚመዝኑ አሉ። ቀላል ጨርቅ የሆነው ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። በሁለት ሻንጣ ልዩነቱ እስከ አራት ኪሎ ይደርሳል። ሲገዙ አንስተው ያወዳድሩ፤ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ ሲደመር ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥም ይለኩ።

አየር እያስወጡ ልብስ የሚያሳንሱ ከረጢቶችም ሰውን ያታልላሉ። መጠን ይቀንሳሉ እንጂ ክብደት አይቀንሱም። እንዲያውም ባዶ የመሰለው ቦታ ሌላ ዕቃ ይጠራና ሻንጣው 29 ኪሎ ገብቶ ቁጭ ይላል።

ለሦስት ወር ቆይታ የሦስት ወር ልብስ መያዝ

የሳምንት ልብስ ይበቃል፤ የሚያርፉበት ቤት ማጠቢያ አለ። ሁለት ጫማ፣ ከባዱን በእግር አድርጎ። ካፖርትና ጋቢም በሻንጣ አይግቡ። ጋቢ ያላስያዘች እናት አላየሁም፣ እምቢ ማለትም አይቻልም፤ ይልበሱት ወይም ክንድዎ ላይ ያድርጉት። አውሮፕላን ውስጥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ያመሰግኗታል።

የኤሌክትሪክ ዕቃን ከመያዝዎ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «100–240» የሚል የስልክ ቻርጀር የትም ይሠራል፤ የሚቀየረው የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው። በ220 ቮልት ብቻ የሚሠራ የፀጉር ማድረቂያ ግን በአሜሪካ 120 ቮልት ላይ እህህ ከማለት አያልፍም።

አስፈላጊውን ነገር በሚጫነው ሻንጣ ማስቀመጥ

የሚጫን ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ካርድ፣ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ከነማዘዣው፣ መነጽር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅዎ ይሁኑ። በኢሚግራንት ቪዛ ለሚሄድ ሰው ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ከሰጠው እሱም በእጅ ይያዛል፣ ደግሞም አይከፈትም። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ክልክል ነው፤ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በእጅ ብቻ ይያዛል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ከተለመደው የ100 ዋት ሰዓት ጣሪያ በታች ነው።

ለስጦታ የተገዛ አሮጌ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ካለ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያውጡለት፤ አለበለዚያ ቦሌ ላይ ይያዛል።

ሻንጣውን በፕላስቲክ ማስጠቅለል ከቧጨራና ከመከፈት ያድናል፤ የአሜሪካ ፈታሾች ግን ማየት ከፈለጉ ይቀዱታል፣ ተራ ቁልፍም ይሰብራሉ። ስለዚህ ከላይ የተንጠለጠለው መለያ ብቻ አይበቃም። ስምዎንና የሚያርፉበትን ቤት ስልክ በወረቀት ጽፈው ከልብሱ በላይ፣ ክዳኑ ሲከፈት በሚታይበት ቦታ ያስቀምጡ።