ፎቶ በፌድ ስታያይዙ ኦፍሴቱን እንዲህ አስሉት

ፎቶዎችን አያይዛችሁ ቪዲዮ ለመስራት ላፕቶፓችሁ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ካልቻለ ኤፍኤፍኤምፔግ (ትዕዛዝ እየጻፋችሁ የምትሰሩበት ነፃ የቪዲዮ ፕሮግራም) ይበቃችኋል፣ ኤክስፌድ የሚባለው ፊልተር አንዱን ፎቶ ቀስ እያደበዘዘ ሌላውን ያመጣላችኋል (ከቨርዥን 4.3 ጀምሮ ነው ያለው፣ የእናንተ የቆየ ከሆነ አፕዴት አድርጉት)። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኦፍሴት ላይ ነው። ኦፍሴት ማለት ፌዱ የሚጀምርበት ሰከንድ ነው፣ እያንዳንዱ ፎቶ 5 ሰከንድ ፌዱ ደሞ 1 ሰከንድ ከሆነ የመጀመሪያው 4 ነው፣ ሁለተኛው ግን 9 ሳይሆን 8፣ ከዛ 12 እያለ ይሄዳል፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ፌድ ሁለቱ ፎቶዎች ለ1 ሰከንድ ይደራረባሉ። እኔ ሀዋሳ አሞራ ገደል ያነሳሁትን አባ ኮዳ ከጀልባዎቹ ፎቶ ጋር ሳያይዝ 9 ብዬ ፌዱ እምቢ አለኝ፣ 8 ሳደርገው ወፏ ውሃው ውስጥ ቀልጣ የጠፋች ነው የምትመስለው፣ በጣም ነው የሚያምረው!

ሌላው ሳይዝ ነው፣ ሁሉም ፎቶ እኩል ካልሆነ ኤክስፌድ ኤረር ይሰጣል፣ ስለዚህ በስልክ በቁም የተነሳውን መጀመሪያ በስኬል (መጠን መቀየሪያ) እና በፓድ (ባዶውን ጎን መሙያ) 1920 በ1080 አድርጉት። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ሉፕ 1 (ፎቶው እንዲደጋገም) እና ቲ 5 (ለ5 ሰከንድ እንዲቆይ) ማስገባት እንዳትረሱ። መጨረሻ ላይ ፒክስል ፎርማቱን (የቪዲዮው ቀለም የሚቀመጥበትን አይነት) ዋይዩቪ420ፒ በሉት፣ ያለዛ አንዳንድ ስልክ ላይ አይከፍትም።