የቆጵሮስን የወደብ ድርድር ዜና እንዴት እናንብበው?

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው ወረቀት ነው፦ የጭነት ሰነድ፣ የስሪት አገር ማረጋገጫ፣ ፊርማ፣ ማህተም። የቆጵሮስን ነገር የምከታተለውም በዚሁ ዓይን ነው። በየጊዜው «ወደቦቹ ሊከፈቱ ነው» የሚል ዜና ይወጣል። ወዲያው ደግሞ ወዳጆቼ «ታዲያ ተከፈቱ?» ይሉኛል። መልሱ ዜናው ስለየትኛው ወደብ እንደሚያወራ ካላወቅን አይገኝም። ስለዚህ እኔ እንዴት እንደማነበው ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሁለቱን ወደቦች ለዩ

በዚህ ድርድር ውስጥ ሁለት የተለያዩ የወደብ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ የቱርክ ወደቦች ጥያቄ ነው። ቱርክ ከ1987 ጀምሮ የቆጵሮስን ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦች ወደቦቿ እንዳይገቡ ከልክላለች። ክልከላው ቆይቶ ሰፍቷል፤ ከቆጵሮስ ወደብ ተነስቶ በቀጥታ የሚመጣ መርከብንም ይነካል። ይህ እንዲነሳ የምትጠይቀው ኒኮሲያ ናት፤ ማለትም በግሪክ ቆጵሮሳውያን የሚመራውና ደቡቡን የሚያስተዳድረው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ መንግሥት።

ሌላው ቱርክ ቆጵሮሳውያን በሚያስተዳድሩት የደሴቲቱ ሰሜን ያለው የፋማጉስታ ወደብ ነው። እሱን የዘጋችው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ ራሷ ናት፤ በጥቅምት 1974። ይህ ወደብ ለዓለም እንዲከፈት የሚጠይቁት ቱርክ ቆጵሮሳውያን ናቸው።

ዜናው «ወደብ» ሲል ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ካልለያችሁ ቀሪው ሁሉ ይምታታባችኋል። እኔ ጽሑፉን ከመጀመሬ በፊት የከተማ ስም እፈልጋለሁ። ሜርሲን ወይም ኢዝሚር የሚል የቱርክ ወደብ ስም ካለ ስለ መጀመሪያው ነው። ፋማጉስታ ካለ ስለ ሁለተኛው።

«ተዘግቷል» ሲባል በሕግ ነው ወይስ በተግባር?

በሐምሌ 1974 በአቴንስ ወታደራዊ መንግሥት የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት በቆጵሮስ ተካሄደ። ከአምስት ቀን በኋላ የቱርክ ጦር ደሴቲቱ ላይ አረፈ። በነሐሴ ፋማጉስታ በቱርክ ጦር እጅ ገባች። ከዚያ በፊት ፋማጉስታ የደሴቲቱ ዋና ወደብ ነበረች። ንግዱ ወደ ሊማሶልና ላርናካ ዞረ። በ1983 ሰሜኑ ራሱን የቻለ ሪፐብሊክ ነኝ ብሎ አወጀ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 541 አዋጁ በሕግ ዋጋ የለውም አለ። እስከ ዛሬ እውቅና የሰጠችው ቱርክ ብቻ ናት።

ፋማጉስታ ግን ሥራ አላቆመችም። መርከብ ይገባል፣ ዕቃ ይራገፋል፤ በተለይ ከሜርሲን ጋር ያለው ምልልስ ያልተቋረጠ ነው። የተዘጋው በሪፐብሊኩ ሕግ ነው። እዚያ መልሕቁን የጣለ ካፒቴን በኋላ ሊማሶል ቢገባ ሊከሰስ ይችላል። ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች ይህን ጣጣ አይፈልጉትም፤ ስለዚህ ይርቃሉ። ወደቡን በተግባር ያደከመው ይኼ ነው።

ማህተሙ የማን ነው?

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

በሰሜን ምዕራብ በሞርፉ አካባቢ የሚበቅል ብርቱካን አለ። አንድ ሣጥን ብርቱካን እንውሰድ። ቆጵሮስ በ1972 ከአውሮፓ ማኅበረሰብ ጋር የንግድ ስምምነት ስለነበራት ዕቃዋ ቅናሽ ቀረጥ ያገኝ ነበር። ከክፍፍሉ በኋላም የሰሜኑ ብርቱካንና ድንች ለዓመታት ብሪታንያ ገበያ ይገባ ነበር። የስሪት አገር ማረጋገጫውንና የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ግን የሰሜኑ አስተዳደር ነበር።

የደቡብ ላኪዎች እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጉዳዩ ወደ ሉክሰምበርግ፣ ወደ አውሮፓ ፍርድ ቤት ተመራ። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 1994 ወሰነ፦ ተቀባይነት ያለው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ ባለሥልጣናት የሚሰጡት ወረቀት ብቻ ነው። ብርቱካኑ ያው ነው፤ ዛፉም ገበሬውም ያው። ማህተሙ ተቀባይነት ስላላገኘ ብቻ ገበያው ተዘጋ። በሙያዬ አንድ ማህተም ስንት ሰው እንጀራ ላይ እንደሚቆም በየቀኑ ስለማይ ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ስለዚያ ገበሬ አስባለሁ።

ስለዚህ አዲስ የስምምነት ሐሳብ ሲወጣ ቀጥታ ሰነዱን ማን እንደሚሰጥ ፈልጉ። በ2004 የወጣው፣ ሰሜኑንና ደቡቡን በሚለየው መስመር ላይ ያለውን ንግድ የሚመራው የአውሮፓ ሕብረት የአረንጓዴው መስመር ደንብ ቁጥር 866 ችግሩን በብልሃት አልፎታል። በአውሮፓ ኮሚሽን ፈቃድ ወረቀቱን የሚሰጠው የቱርክ ቆጵሮሳውያን የንግድ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ መንግሥት አይደለም። ወረቀቱን መቀበል ለማንም እውቅና እንደ መስጠት አይቆጠርም። የሰሜኑ ድንች በዚያ ወረቀት በየብስ መስመሩን ይሻገራል፤ ከተሻገረ በኋላ እንደ አውሮፓ ሕብረት ዕቃ ይታያል። በ2021 ሃሉሚ የተባለው የቆጵሮስ አይብ የሕብረቱን የስም ጥበቃ ሲያገኝም በሁለቱም ወገን የሚካሄደው ቁጥጥር ለቢሮ ቬሪታስ፣ ለግል ኩባንያ ተሰጠ። መንገዱ ተመሳሳይ ነው።

ልብ በሉ፦ ይህ የየብስ ንግድ ነው። ከፋማጉስታ በመርከብ በቀጥታ ወደ አውሮፓ መላክን አይጨምርም። ጋዜጦች ሁለቱን እያቀላቀሉ ይጽፋሉ።

ድምፁ እንዴት ነው የሚሰጠው?

በሚያዝያ 2004 ደሴቲቱን መልሶ ለማዋሐድ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአናን ዕቅድ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ቱርክ ቆጵሮሳውያን 65 በመቶ ገደማ «እሺ» አሉ። ግሪክ ቆጵሮሳውያን 76 በመቶ ገደማ «እምቢ» አሉ። ከሳምንት በኋላ ቆጵሮስ ሕብረቱን ተቀላቀለች፤ የሕብረቱ ሕግ ግን በሰሜን ታግዶ እንዲቆይ ከአባልነት ውሉ ጋር በተያያዘው ፕሮቶኮል 10 ተወሰነ። ሕብረቱ የሰሜኑን ሕዝብ መገለል አበቃለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ኮሚሽኑም በሐምሌ የቀጥታ ንግድ ደንብ ረቂቅ አቀረበ።

ረቂቁ እስካሁን አልጸደቀም። ምክንያቱ የተመሠረተበት አንቀጽ ነው። ኮሚሽኑ ያስቀመጠው በጋራ ንግድ ፖሊሲ አንቀጽ ሥር ነው፤ በዚያ ከሆነ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል። ኒኮሲያ ደግሞ «ይህ የራሴ ግዛት ነው፤ በፕሮቶኮል 10 ይታይ» ትላለች። ያ ማለት ሙሉ ስምምነት ያስፈልጋል፤ የእሷ አንድ ድምፅ ያስቆመዋል። በ2010 የአውሮፓ ፓርላማ የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ የኮሚሽኑን አንቀጽ አልተቀበለም። «ረቂቁ እንደገና ሊታይ ነው» የሚል ዜና ካያችሁ በየትኛው አንቀጽ ሥር እንደሆነ ጠይቁ። አንቀጹ ካልተለወጠ ብዙ አትጠብቁ።

ከፊርማው ጋር የተያያዘውን ወረቀት አንብቡ

ቱርክ በሐምሌ 2005 የአንካራን ፕሮቶኮል ፈረመች። የጉምሩክ ሕብረቷን ቆጵሮስን ጨምሮ ለአሥሩ አዳዲስ አባላት የሚያሰፋ ሰነድ ነው። ብዙዎች «በቃ፣ ወደቦቹ ተከፈቱ» አሉ። ግን ቱርክ ከፊርማዋ ጋር አንድ መግለጫ አያይዛ ነበር፤ ፊርማው ለቆጵሮስ ሪፐብሊክ እውቅና መስጠት አይደለም የሚል። በመስከረም ሕብረቱ የራሱን መግለጫ በምላሹ አወጣ። ክርክሩ ቀጠለ። ቱርክ «የጉምሩክ ሕብረት ዕቃን እንጂ የመርከብ አገልግሎትን አይመለከትም» ትላለች። ብራስልስ ደግሞ ዕቃ የጫነውን መርከብ መከልከል ዕቃውን መከልከል ነው ትላለች። እኔ በዚህ ከብራስልስ ጋር ነኝ። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ መርከቡን ትቶ በእግሩ ሊመጣ አይችልም።

ማን ቀድሞ ይሰጣል?

በ2006 ፊንላንድ የሕብረቱ ተረኛ ሊቀመንበር ነበረች። ያቀረበችው ሐሳብ እስከ ዛሬ ለሚመጡት ሐሳቦች ሁሉ ናሙና ነው ብዬ አምናለሁ። ቱርክ ወደቦቿን ለቆጵሮስ መርከቦች ትክፈት። የፋማጉስታ ወደብ በገለልተኛ ዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር ይከፈት። ከወደቡ አጠገብ ያለችው ቫሮሻ ደግሞ ለተባበሩት መንግሥታት ትሰጥ።

ቫሮሻ ለምን ገባች? ከ1974 ጀምሮ የታጠረች የባሕር ዳር ሰፈር ናት። ባለቤቶቿ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ናቸው። የጸጥታው ምክር ቤት በ1984 በውሳኔ ቁጥር 550 ከነዋሪዎቿ በቀር ማንም እንዳይሰፍርባት ብሏል። ወደቡ የሰሜኑ ሰዎች ጥያቄ ከሆነ ቫሮሻ የደቡቦቹ ቁስል ናት። አንዱን ያለ ሌላው መጠየቅ ፍትሕ አይመስለኝም።

ንግግሩ በኅዳር ማብቂያ ፈረሰ። በታኅሣሥ ቱርክ በመጨረሻ ሰዓት ጠበብ ያለ ሐሳብ አቀረበች፤ አልበቃም። የሕብረቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ከቱርክ የአባልነት ድርድር 8 ምዕራፎችን አገዱ። ጉምሩክ፣ ትራንስፖርትና የዕቃ ዝውውር ከመካከላቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህም ተመሳሳይ ጥቅል በቀድሞው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ ፕሬዝዳንት በኒኮስ አናስታሲያዲስ ዘመን ቀርቧል፤ ፋማጉስታ በሕብረቱ ቁጥጥር ሥር፣ ቫሮሻ በተባበሩት መንግሥታት እጅ። የዚያን ጊዜው የሰሜኑ መሪ ኤርሲን ታታር መጀመሪያ እኩል ሉዓላዊነት ይታወቅልን የሚል አቋም ነበራቸው። በጥቅምት 2025 ሰሜኑ ቱፋን ኤርሁርማንን መረጠ። እሳቸው ለፌዴሬሽን መፍትሔ የቀረቡ ናቸው፤ ስለዚህ ጥቅሉ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣ አይገርመኝም።

ከመጣ ሦስት ነገር አውጥታችሁ ጻፉ፦ የፋማጉስታን ሰነድ የሚያትመው ማን እንደሆነ፣ ቫሮሻ መቼ ለማን እንደምትሰጥ፣ የመጀመሪያው የቆጵሮስ ባንዲራ ያለው መርከብ ሜርሲን የሚገባበት ቀን። ከሦስቱ አንዱ በመግለጫው ውስጥ ከሌለ፣ የተባለው ስምምነት ገና በንግግር ደረጃ ነው ብላችሁ ያዙት።