የአስቤዛ ኩፖን በአሜሪካ፦ ቆጣቢውን የሚያከስሩ ስህተቶች

በደርግ ዘመን ከተማ ውስጥ ላደገ ኢትዮጵያዊ «ኩፖን» የሚለው ቃል የሚያስታውሰው የቀበሌውን ኅብረት ሱቅ ነው። ስኳሩ፣ ዘይቱና ሳሙናው በቤተሰብ ቁጥር እየተተመነ ይታደል ነበር፤ ቀኑ ያለፈበት ሰው ድርሻው ይቀርበታል። ያ ኩፖን የቤተሰቡ መብት ስለነበረ ሳይወስዱት መቅረት በእርግጥም ጉዳት ነበረው። አሜሪካ ውስጥ በፖስታ ሣጥን የሚገባው፣ ከእሑድ ጋዜጣ ጋር ታጥፎ የሚመጣው፣ አሁን ደግሞ በአብዛኛው በስልክ መተግበሪያ የሚገኘው ኩፖን በስም ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው። የሚያወጣው አምራቹ ወይም መደብሩ ሲሆን፣ የሚያወጣውም ሸማቹ ያላሰበውን ዕቃ እንዲያነሳ ወይም ከለመደው ምርት ወደ ሌላው እንዲዞር ነው። ኮካ ኮላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ሲያድል የፈለገው በማግስቱ አምስት ሳንቲም ከፍሎ የሚጠጣ ደንበኛ ማፍራት ነበር፤ ነገሩ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

ይህን ማለቴ ኩፖን አይጠቅምም ለማለት አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ልጆች እያሳደገ የሚኖር ቤተሰብ በሳሙናና በዳይፐር ብቻ በዓመት የማይናቅ ገንዘብ ሊያተርፍበት ይችላል። ይሁን እንጂ ወረቀቱን እንደ ቀበሌው ድርሻ የሚያየው ሰው፣ ሳይታወቀው ከበፊቱ የበለጠ ያወጣል።

ካልተጠቀምኩበት ይቃጠልብኛል ብሎ መግዛት

የስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። ልጆቹ ጠዋት ፍርፍር በልተው ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ቤት ሁለት ካርቶን ሲሪያል የሚገዛው ብዙ ጊዜ ኩፖን ስለተገኘ ነው። ሂሳቡን እንየው። የታወቀው ምርት አንዱ ካርቶን 5 ዶላር ከ49 ሳንቲም ነው እንበል፤ ኩፖኑ ሁለት ለሚገዛ ሰው 1 ዶላር ይቀንሳል። ሁለቱ 9 ዶላር ከ98 ሳንቲም፣ አንዱ 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሆናል። አጠገቡ የተደረደረው፣ የመደብሩን ስም የያዘው ተመሳሳይ ሲሪያል 2 ዶላር ከ79 ሳንቲም ከሆነ፣ ኩፖን የያዘው ሰው በአንድ ካርቶን 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም አብልጦ ከፍሏል፤ በዚያ ላይ ሁለተኛውን ካርቶን ጨርሶ አያስፈልገውም ነበር።

ከዚህ የሚያድነው ልማድ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ የአስቤዛውን ዝርዝር ኩፖን ከመክፈት በፊት ጽፎ መጨረስ ነው፤ ኩፖን የሚፈለገው ለተጻፈው ዕቃ እንጂ ዕቃው ለኩፖኑ አይጻፍም። ሁለተኛው፣ መደርደሪያው ላይ ከዋናው ዋጋ ጎን በትንሹ የሚጻፈውን የመለኪያ ዋጋ ማንበብ ነው። ይህ ቁጥር ዕቃው በአንድ አውንስ ወይም በአንድ ፓውንድ ስንት እንደሚደርስ ስለሚናገር፣ የማሸጊያው ትልቅነትና የቀለሙ ድምቀት አያታልለውም። ኩፖኑ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ዋጋ በአውንሱ ቁጥር አካፍሎ ከመደብሩ ምርት ጋር ማነጻጸር በስልኩ ካልኩሌተር የደቂቃ ሥራ ነው።

ኩፖን በማይኖርበት መፈለግ፣ በሚኖርበት መተው

የእኛን ጓዳ የሚሞላው ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስርና ሽንኩርት ኩፖን አይወጣለትም ቢባል ብዙ አያሳስትም። ኩፖን የሚበዛው ታሽገው በሚሸጡና ብዙ ማስታወቂያ በሚሠራላቸው ምርቶች ላይ ነው፤ የልብስ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ዳይፐር፣ ሲሪያል፣ የበረዱ ምግቦች። ስለዚህ ለወጡ የሚሆነውን በኩፖን እፈልጋለሁ ብሎ ሰዓት ማጥፋት ከንቱ ነው። በአንጻሩ ግን «እኛ የምንበላው ነገር ኩፖን የለውም» ብሎ ነገሩን ሙሉ በሙሉ የተወው ቤተሰብ ሳሙናውንና ዳይፐሩን ዓመቱን ሁሉ ያለ ቅናሽ ሲገዛ ይኖራል። የዱቄት ወተት ለምትጠቀም እናት ደግሞ አምራቾቹ ለተመዘገቡ ወላጆች በፖስታ እስከ ቤታቸው የሚልኩት ቅናሽ ከጋዜጣው ኩፖን ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ከኩፖኑ ይልቅ የእኛ ቤት ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው የአሜሪካውን የቅናሽ ወቅት ከራሳችን የጾምና የፍስክ አቆጣጠር ጋር በማገናኘት ነውና። ቅቤን እንውሰድ። በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ፣ እስከ ገናቸው ባሉት ሳምንታት አሜሪካውያን ኬክና ብስኩት ስለሚጋግሩ መደብሮች ቅቤን በቅናሽ ያወጣሉ፤ ኩፖኑም በዚሁ ሰሞን ይገኛል። ጨው የሌለበትን ገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥና ሲያስፈልግ በኮረሪማውና በኮሰረቱ ማንጠር ይቻላል። ወቅቱ የነቢያት ጾም በመሆኑ ቅቤው ቤት ውስጥ እያለ የሚነካው የለም፤ ይህም ራሱ ቁጠባ ነው።

የበግ ሥጋም እንዲሁ ነው። የበግ እግር በቅናሽ የሚወጣው የምዕራቡ ፋሲካ ሲደርስ ሲሆን፣ የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። በ2024 የእነርሱ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ዋለ፤ በ2026 ደግሞ ኤፕሪል 5 እና ኤፕሪል 12 ነው። እየጾሙ ሥጋ ገዝቶ ማስቀመጥ ለአንዳንዱ ሰው ፈተና ቢሆንም፣ ለዳግም ትንሣኤ ሳይቀር የሚበቃ በግ በቅናሽ ዋጋ ያስገኛል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት የሁለት ወር ጾም ሲገባ የእርጎና የአይብ ኩፖን መሰብሰብ ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ወረቀቱም፣ የተገዛውም እርጎ ከፋሲካ በፊት ጊዜያቸው ያልፋል።

ሥዕሉን አይቶ ጽሑፉን መተው

ኩፖኑ ላይ የሚታተመው ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁንና ውዱን ዕቃ ያሳያል። ወሳኙ ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ቅናሹ የሚሠራው ለየትኛው ዓይነት፣ ከስንት አውንስ ጀምሮ፣ ስንት ፍሬ ሲገዛ እንደሆነ ያ ጽሑፍ ይናገራል፤ ለመንገደኛ የሚሆኑት ትናንሽ ጠርሙሶች ደግሞ ብዙ ጊዜ አይካተቱም። የተሳሳተ መጠን ይዞ የመጣን ሰው ማሽኑ ስለማይቀበለው፣ ተሰልፎ ከኋላው የሚጠብቀው ሕዝብ እያየው ማፈሩ ይብሳል፤ ብዙ ወገኖቻችን ኩፖንን እርግፍ አድርገው የተዉት ከገንዘቡ ይልቅ በዚህ ሐፍረት ይመስለኛል።

ሁለት ሐረጎች በተለይ ያምታታሉ። «ዋን ኩፖን ፐር ፐርቸስ» ማለት ለአንድ ዕቃ አንድ ኩፖን ማለት ነው፤ አራት ሳሙና የገዛ ሰው አራት ኩፖን ሊሰጥ ይችላል። «ዋን ኩፖን ፐር ትራንዛክሽን» የሚለው ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ ውስጥ ከአንድ በላይ አይፈቅድም። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው አንብቦ ሦስቱን ኩፖን ቤቱ የተወ ሰው ጥቂት አይደለም።

የሚያበቃበት ቀንም ወጥመድ አለው። እኛ ቀኑን አስቀድመን ወሩን እናስከትላለን፤ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 03/04 የሚለው ማርች 4 ነው፤ ኤፕሪል 3 ብሎ ያነበበው ሰው ወር ሙሉ ያለፈበትን ወረቀት ይዞ ይሄዳል።

የአምራቹንና የመደብሩን ኩፖን አለመለየት

የአምራች ኩፖን ሲቀርብ መደብሩ የቀነሰውን ገንዘብ ከነአነስተኛ የአገልግሎት ክፍያው ከአምራቹ ይቀበላል። የመደብሩ ኩፖን ግን ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የቀሩት ደንቦች በሙሉ ይገለጡለታል። ለአንድ ዕቃ ሁለት የአምራች ኩፖን መስጠት አይቻልም፤ አንዱ በወረቀት ሌላው በስልክ ቢሆንም ሁለቱም የአንድ አምራች ገንዘብ ናቸው። ለአንድ ዕቃ የአምራቹንና የመደብሩን አንድ ላይ መጠቀም ግን ብዙ መደብሮች ይፈቅዳሉ፤ ሳሙናው በሳምንቱ ቅናሽ ላይ በዋለበት ቀን ሁለቱን ማደራረብ ደግሞ የጨዋታው ቁንጮ ነው። እያንዳንዱ መደብር ደንቡን በድረ ገጹ ስለሚያወጣ አንድ ጊዜ ማንበብ ይበቃል። ኮስትኮና አልዲ የአምራች ኩፖን ስለማይቀበሉ ወደዚያ ይዞ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

የስልኩን ኩፖን ሳይመርጡ መክፈል

እንደ ጃይንትና ሴፍዌይ ባሉ መደብሮች በመተግበሪያው ውስጥ የሚታየው ቅናሽ በራሱ አይሠራም፤ ከመክፈል በፊት ተነክቶ ወደ ሂሳቡ መግባት፣ ከዚያም የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ክፍያው ላይ መነገር አለበት። ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም አማቾች ጭምር፣ በአንድ ስልክ ቁጥር የሚገበያዩበት ቤት ሌላ ችግር አለ፦ ኩፖኑ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ማክሰኞ ዕለት ባል ለአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ያውለውና፣ ቅዳሜ ትልቁን አስቤዛ የምትገዛው ሚስት ባዶ ታገኘዋለች። ተነጋግሮ መግዛት ወይም እያንዳንዱ በየራሱ ቁጥር መመዝገብ ይሻላል። ስማርት ስልክ የማይጠቀሙ ወላጆች ደግሞ በደንበኞች አገልግሎት ጠረጴዛ በኩል ሊረዱ ይችላሉ፤ ጠይቆ የሚያፍር ሰው የለም።

በቡድን የተላለፈን ኩፖን ማመን

በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዞር «ይህን አትሙና ዳይፐር በነፃ ውሰዱ» የሚል ምስል ሲደርስ ደግነት ይመስላል። እውነተኛው ኩፖን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊባዛ እንደማይችል በላዩ ተጽፎበታል፤ በፎቶኮፒ ማብዛት ማጭበርበር ነው። ጉዳዩ ቀልድ አለመሆኑን የሚያሳየው የቨርጂኒያው ክስ ነው። በቨርጂኒያ ቢች የምትኖር አንዲት ሴት ሐሰተኛ ኩፖን በኮምፒዩተር እየሠራች በመሸጥ መደብሮችና አምራቾች ላይ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ በማድረሷ በ2021 የ12 ዓመት እስራት ተፈርዶባታል። ከእርሷ ዓይነት ሰው የተገዛን ወረቀት ሳያውቅ ለካሸሯ የሚሰጥ ምስኪን ቢያንስ ሐፍረት ይገጥመዋል። ከዕቃው ዋጋ ጋር እኩል የሆነ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቅናሽ የሚሰጥ ኩፖን ከማያውቁት ሰው ከመጣ መተው ይሻላል።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በካርድ የሚሰጠውን የምግብ ድጎማ፣ የሚጠቀሙ አንዳንድ ወገኖች ኩፖን የተከለከላቸው ይመስላቸዋል። አልተከለከለም፤ እንደማንኛውም ሸማች ሊጠቀሙበት ይችላሉ፣ በካርዱ ያለው ገንዘብም ያን ያህል ረዥም ጊዜ ያገለግላቸዋል።

በሜሪላንድ የሚኖር ሰው ሳሙናው ላይ የታየው ታክስ ከጠበቀው ቢበልጥ ካሸሯን አይቆጣ። አብዛኛው የምግብ አስቤዛ ታክስ የለውም፤ ሳሙና ግን 6 በመቶ አለው፤ የሚሰላውም የአምራቹ ኩፖን ከመቀነሱ በፊት ባለው ዋጋ ነው። 12 ዶላር የሚያወጣ ሳሙና በ3 ዶላር የአምራች ኩፖን ቢገዛ ታክሱ 72 ሳንቲም ነው። ቅናሹ የመደብሩ ቢሆን 54 ሳንቲም ይሆን ነበር።

«10 ለ10 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ አይቶ አሥሩንም ማንሳት ሌላው ነው። በግልጽ «አሥሩንም መግዛት ግዴታ ነው» ካልተባለ በቀር አብዛኛውን ጊዜ አንዱን በ1 ዶላር መውሰድ ይቻላል። በማስታወቂያ የወጣው ዕቃ አልቆ ከተገኘ ደግሞ ዝም ብሎ ከመመለስ ይልቅ «ሬን ቼክ» መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዕቃው ሲመጣ በዚያው በቅናሹ ዋጋ የሚያስገዛ ወረቀት ነው።

ደረሰኙ ግርጌ የሚጻፈውን ማመን

ደረሰኙ መጨረሻ ላይ «ዛሬ ይህን ያህል ቆጥበዋል» የሚል ቁጥር ይታተማል። ቁጥሩ የኩፖኑንም፣ የመደብሩ የደንበኛ ካርድ ያለው ሰው ሁሉ የሚያገኘውንም የሳምንቱን ቅናሽ ደምሮ የሚያሳይ ስለሆነ በዚያ መደሰት ሞኝነት ነው። እኔም አንድ ጊዜ 41 ዶላር ቆጥበሃል የሚል ደረሰኝ ይዤ በኩራት ቤት ገባሁ፤ ባለቤቴ ከረጢቶቹን ከፍታ ስድስት ጠርሙስ የሰላጣ ማጣፈጫ ስታወጣ ነገሩ ገባኝ። ሁለቱ ጠርሙሶች ሳይከፈቱ ከርመው ተጣሉ። ከደረሰኙ የሚፈለገው እያንዳንዱ ኩፖን መቀነሱን ማረጋገጥ ብቻ ነው፤ የጎደለ ካለ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ተመልሶ ማሳየት ይቀላል። የቁጠባው ልክ ግን የሚታወቀው ከባንክ መግለጫ ነው፦ ኩፖን ከመጀመሩ በፊት ያሉትን የሦስት ወር የአስቤዛ ወጪዎች ደምሮ ለሦስት ማካፈልና ከተጀመረ በኋላ ካለው የሦስት ወር አማካይ ጎን ማስቀመጥ።